የቢሮው ኦፊስ ይቀየር ወይስ ይቆይ? ከመክፈላችሁ በፊት የምታዩት

ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2016 ወይም 2019 የተጫነበት ኮምፒውተር ዛሬም እንደ ትናንቱ ይሠራል። ዎርድ ይከፈታል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ይታተማል። ነገር ግን ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ጀምሮ ማይክሮሶፍት ለሁለቱም መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ መላክ አቁሟል። ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ክፍተት ሳይደፈን ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ክፍተቱን የሚጠቀመው ፋይል ደግሞ በኢሜይል፣ በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ነው የሚመጣው፤ ስሙም «የተስተካከለ የዋጋ ማቅረቢያ» ሊሆን ይችላል። ወደ አዲሱ ለመቀየር ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፤ አዲስ መልክና አዲስ ቁልፍ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ተቻኩሎ መቀየርም የራሱ ጣጣ አለው። ወር መጨረሻ ላይ የደመወዝ ፋይሉ አልሠራም ሊል ይችላል፤ የአሥር ዓመት ደብዳቤ በማይነበብ ፊደል ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የራሳችሁን ኮምፒውተርና ፎልደር ፈትሹ።

መጀመሪያ ያላችሁን እወቁ

ዎርድን ከፍታችሁ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «አካውንት» የሚለውን ተጫኑ። የምርቱ ስም በቀኝ በኩል ተጽፎ ይታያል። ማየት ያለባችሁ ስሙን ነው፤ የቨርዥን ቁጥሩ ብዙ ሰው ያሳስታል። 2016፣ 2019፣ 2021፣ 2024 እና ማይክሮሶፍት 365 (በየዓመቱ የሚከፈልበት ኦፊስ) ሁሉም ቁጥራቸው በ16 ይጀምራል። ቁጥሩ 15 ከሆነ ኦፊስ 2013፣ 14 ከሆነ ኦፊስ 2010 ነው። እዚያው «አባውት ዎርድ» የሚለውን ስትጫኑ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት ከላይ ይነግራችኋል። ወረቀት ላይ ያዙት፤ ማክሮ (ፋይል ውስጥ ሆኖ ሥራን በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ጋ ስንደርስ ያስፈልጋል።

ኦፊስ 2010 ድጋፉ ካበቃ ቆይቷል፤ የኦፊስ 2013 ደግሞ ሚያዝያ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. አብቅቷል። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ኢንተርኔት የሚጠቀም ቢሮ ብዙ ማሰብ የለበትም፤ ይቀይር። የኦፊስ 2021 ድጋፍ የሚያበቃው ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦክቶበር 13 ቀን 2026) ነው፤ ስለዚህ ረክሶ ብታገኙት እንኳ አሁን ገንዘብ አታውጡበት። ኦፊስ 2024 እስከ መስከረም 29 ቀን 2022 ዓ.ም. (ኦክቶበር 9 ቀን 2029) ይደገፋል።

ባለበት ቢቆይ የማይጎዳም አለ። ኢንተርኔት የሌለው፣ ፍላሽ የማይሰካበት፣ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ኮምፒውተር፣ ለምሳሌ የመጋዘን ካርድ የሚያትም፣ በአሮጌው ሊቀጥል ይችላል።

ኮምፒውተሩ ይችለዋል?

ኦፊስ 2024 ዊንዶውስ 10 ወይም 11፣ 4 ጊጋባይት ራም እና 4 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃል። ዊንዶውስ 7 እና 8.1 ላይ ከኦፊስ 2019 ጀምሮ ያለው አይጫንም። በ4 ጊጋ ራም ይጫናል፣ ግን ትልቅ የኤክሴል ፋይልና ብሮውዘር አንድ ላይ ሲከፈቱ ይንቀራፈፋል። 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ኮምፒውተር ይበቃል። ዲስኩ የድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ከሆነና በጀቱ አንድ ነገር ብቻ የሚገዛ ከሆነ፣ መጀመሪያ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩ፤ ሠራተኛው በየቀኑ የሚሰማው ለውጥ እሱ ነው።

ዊንዶውስ 10 ራሱም ድጋፉ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። አዲስ ኦፊስ ከታች ያለውን የዊንዶውስ ክፍተት አይደፍንም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን መሸከሙን አስቀድማችሁ እዩ፦ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) ያስፈልጋል፣ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር። ይህን ካላሟላ፣ ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ የሚሆን ኦፊስ ገዝቶ ሊጣል በደረሰ ማሽን ላይ መጫን ገንዘብ ማባከን ነው።

የአማርኛ ፋይሎቻችሁ

የአገራችን ቢሮዎች በብዛት የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ የውጭ አገር መመሪያዎችም አይነግሯችሁም።

በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ የተቀመጠው የአማርኛ ፊደል አይደለም። ፋይሉ የያዘው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ነው፤ የግዕዙን ቅርጽ የሚስለው ፎንቱ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው መስመር የላቲን ፊደል፣ የነጥብና የቅንፍ ድብልቅ ሆኖ ይወጣል። ጽሑፉ ግን አልጠፋም። ፋይሉን ሳታስቀምጡ ዝጉት፣ የፎንቱን ፋይል ከአሮጌው ኮምፒውተር አምጥታችሁ ጫኑ፣ መልሳችሁ ክፈቱት። ሁሉንም መርጣችሁ ፎንቱን ወደ ዊንዶውሱ የአማርኛ ፎንት ወደ ኒያላ ብትቀይሩት አይስተካከልም፤ ጭራሽ የትኛው ክፍል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚያሳየውን ምልክት ታጠፉታላችሁ።

የትኛው ፋይል የድሮ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጉ። አማርኛው ከተነበበ ዩኒኮድ (የአማርኛውን ፊደል ራሱን የሚያስቀምጠው አሠራር) ነው፣ ስጋት የለውም። ወደ ላቲን ከተለወጠ የድሮ ነው። የድሮዎቹን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ስትጠቀሙ ቅጂው ላይ ይሁን፣ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቡንም በዓይን አመሳክሩ። በደብዳቤ ውስጥ «4» ወደ ሌላ ነገር ከተቀየረ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ዩኒኮድ የሆነውም ቢሆን ገጹ ሊዛነፍ ይችላል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አማርኛ ቋንቋ ካልተጨመረ ኒያላ አይገኝም፤ ዎርድ በኤብሪማ ይተካዋል። የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋል፣ ሦስት ገጽ የነበረው ደብዳቤ አራት ይሆናል፣ ፊርማና ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ብቻውን ወደ አራተኛው ገጽ ይወርዳል። መፍትሔው ከዊንዶውስ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብቶ «ኢትዮፒክ ሰፕልሜንታል ፎንትስ» የሚለውን መጨመር ነው፤ ሲወርድ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በተጨማሪ ኦፊስ 2024 አዲስ ሰነድ ሲከፍት የእንግሊዝኛው መነሻ ፎንት ካሊብሪ መሆኑ ቀርቶ አፕቶስ ሆኗል። የቢሮው ደብዳቤ ፎንት የተወሰነ ከሆነ ቴምፕሌቱ ላይ አስሩት።

መፈተኛው ቀላል ነው። አንዱን ደብዳቤ ከአሮጌውም ከአዲሱም ኮምፒውተር በአንድ ፕሪንተር አትሙ። ሁለቱን ወረቀት ደርባችሁ መስኮት ላይ በብርሃን አንጻር ያዙ። የአርማው መስመር፣ የእያንዳንዱ ገጽ የመጨረሻ መስመርና የፊርማው ቦታ ከተገጣጠሙ አልፏል።

ኤክሴል፣ ማክሮ፣ አክሰስ

ከኦፊስ 2019 ጀምሮ ዝም ከተባለ የሚጫነው 64 ቢት ነው። አሮጌው 32 ቢት ከነበረና ማክሮ ካላችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ፋይሉን ከፍታችሁ «አልት» እና «ኤፍ 11» ተጫኑ፣ በሚመጣው መስኮት «ዲክሌር» (Declare) የሚለውን ቃል በጠቅላላ ፕሮጀክቱ ፈልጉ። ካገኛችሁትና አጠገቡ «ፒቲአር ሴፍ» (PtrSafe) የሚል ከሌለ፣ ያ ማክሮ 64 ቢት ላይ በስህተት ይቆማል። ወይ ኮዱን የሚያስተካክል ሰው ጥሩ፣ ወይ ሲጫን 32 ቢቱን ምረጡ። ከተጫነ በኋላ ሐሳብ መቀየር ማለት አራግፎ እንደገና መጫን ነው። ለአክሰስ ዳታቤዝ የተጫኑ 32 ቢት ድራይቨሮችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው።

ሌላው፣ ከኢንተርኔት የወረደ ወይም በኢሜይል የመጣ ማክሮ አዲሶቹ ቨርዥኖች ላይ በቀይ መስመር ይታገዳል። ምንጩን በእርግጥ የምታውቁት ከሆነ ብቻ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ግቡና ከታች «አንብሎክ» ላይ ምልክት አድርጉ።

ከአምስት ኮምፒውተር አንዱን ብቻ ብትቀይሩ ምን ይሆናል? ደብዳቤ ላይ ብዙ ችግር የለም። ኤክሴል ላይ ግን አዲሱ ጋ ያለው ሠራተኛ ኤክስሉክአፕ (XLOOKUP)፣ ፊልተር (FILTER) ወይም ዩኒክ (UNIQUE) የሚባሉትን አዲስ ቀመሮች ቢጠቀም፣ ፋይሉ ኦፊስ 2016 ላይ ሲከፈት መጀመሪያ ትክክለኛው ቁጥር ይታያል። ሒሳቡ እንደገና ሲሰላ ግን ቁጥሩ ጠፍቶ «ኔም» የሚል ስህተት ይተካዋል። መጀመሪያ ትክክል መስሎ መታየቱ ነው አደገኛው፤ አንድ ሰው አይቶት፣ አምኖት ያልፋል። ሁሉም ኮምፒውተር እስኪቀየር ድረስ በድሮው ቀመር በቪሉክአፕ (VLOOKUP) ቆዩ፤ ፋይል ከመላካችሁ በፊትም «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ቼክ ፎር ኢሹስ»፣ «ቼክ ኮምፓቲቢሊቲ» ብላችሁ አስፈትሹ። ሁሉም ከተቀየረ በኋላ ኤክስሉክአፕ በእውነት የሚጠቅም ነው፦ ቪሉክአፕ ዓምዱን በቁጥር ስለሚይዝ መሐል ላይ አንድ ዓምድ ሲገባ የተሳሳተ ዓምድ ያነባል፤ ኤክስሉክአፕ ይህ ችግር የለበትም።

የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን የምትጠቀሙ፣ አንድ ሪፖርት ወደ ኤክሴል መላኩን አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሳትሞክሩ የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተር አትንኩ።

ሰርተፊኬትና መታወቂያ በፐብሊሸር የምትሠሩ ደግሞ ኦፊስ 2024 ውስጥ ፐብሊሸር እንደሌለ እወቁ። ማይክሮሶፍት ፕሮግራሙን በኦክቶበር 2026 ያቆመዋል፤ 365 ያላቸውም ከዚያ በኋላ ፋይሎቹን መክፈት አይችሉም። ፋይሎቹን አሁኑኑ ወደ ፒዲኤፍ አውጡ፣ የሚታረሙትን በዎርድ ወይም በፓወርፖይንት እንደገና ሥሩ።

ገንዘቡ

በፈረንጆቹ 2024 ሲወጣ በአሜሪካ መደበኛ ዋጋ ኦፊስ ሆም 2024 አንድ ጊዜ 149.99 ዶላር ነበር፤ አውትሉክን የጨመረው ሆም ኤንድ ቢዝነስ 249.99። ሁለቱም ለአንድ ኮምፒውተር ናቸው፣ አክሰስም የላቸውም። በዓመት የሚከፈለው ማይክሮሶፍት 365 ለአንድ ሰው በፈረንጆቹ 2025 ወደ 99.99 ዶላር ወጥቷል፤ እስከ ስድስት ሰው የሚጋራው የቤተሰቡ 129.99። እነዚህ ሁለቱ ለቤት ናቸው፤ ድርጅት የራሱ የቢዝነስ ዕቅድ አለው።

ስታወዳድሩ የአንድ ጊዜውን ዋጋ ድጋፉ እስኪያበቃ በቀሩት ዓመታት አካፍሉ። ሦስት ዓመት ከቀረው 249.99 በዓመት 83.33 ዶላር ይመጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚከፍል ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ ስለሚወሰን በዶላር የሚከፈል ዓመታዊ ክፍያ በብር በየዓመቱ ይለያያል፣ የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድም ይፈልጋል። በተጨማሪ 365 ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ ማየትና ማተም ብቻ ይፈቅዳል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ቅርንጫፍ የአንድ ጊዜው ግዢ ይሻላል።

ክራክ የተደረገ (ያለ ፈቃድ ተሰብሮ የተከፈተ) ኦፊስ ላይ ያለ ቢሮ «ወደ አዲሱ ልቀይር» ብሎ ሌላ ክራክ ቢጭን የደህንነቱን ጥያቄ አልመለሰም። አክቲቬተሩ (የሚሰብረው ፕሮግራም) ሲጫን አንቲቫይረስ አጥፉ የሚለው ምን እንደሚያስገባ እንዳይታይ ነው። በጥቂት ዶላር የሚሸጡ ቁልፎችም ብዙ ጊዜ ከድርጅት የጅምላ ፈቃድ የወጡ ናቸው፤ በኋላ ይዘጋሉ። ገንዘብ ከሌለ ሊብሬኦፊስ ነጻ ነው፣ በየጊዜው ይታደሳል፣ ምናሌውም በአማርኛ አለ። በፒዲኤፍ ለሚልክ ቢሮ ይበቃል። ከሌሎች ጋር በዎርድ እየተመላለሱ ለሚያርሙና ከባድ ማክሮ ላላቸው ግን ሠንጠረዡና የጽሑፍ ሳጥኑ ይንሸራተታል፣ ማክሮውም ሁሉም አይሠራም።

ሙከራው

አንድ ኮምፒውተር ምረጡ፤ የዳይሬክተሩም የሒሳብ ሹሙም አይሁን። አሥር ፋይል ገልብጡበት፦ ትልቁን ኤክሴል፣ ማክሮ ያለውን፣ የደመወዙን፣ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈውን፣ አርማ ያለበትን ደብዳቤ፣ ሜይል መርጅ የሚደረገውን (አንዱ ደብዳቤ ለብዙ ስም የሚወጣበትን)፣ የቀሩትን ከየክፍሉ። አንድ የወር መዝጊያ እስኪያልፍ ድረስ አሠሩት፤ በሁለት ቀን ውስጥ የማይታይ ነገር ወር ሲዘጋ ይወጣል።

አውትሉክ ካለ ከማራገፋችሁ በፊት «አካውንት ሴቲንግስ» ውስጥ «ዳታ ፋይልስ» ግቡና ፋይሉ የት እንዳለ እዩ። አውትሉክን ዝጉ፣ መልእክቶቹን የያዘውን ፒኤስቲ የተባለውን ፋይል ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ፤ ክፍት ሆኖ ከተገለበጠ ሊበላሽ ይችላል። አካውንቱ ፖፕ (መልእክቱን ወደ ኮምፒውተሩ አውርዶ የሚያስቀምጥ) ከሆነ የቆዩት መልእክቶች ያሉት እዚያ ፋይል ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዎርድ ላይ ያበጃችኋቸውን ቴምፕሌቶችና ኤክሴል ላይ የግል ማክሮ የያዘውን ፋይልም አብራችሁ ውሰዱ።

ሁሉም ካለፈ ቀሪዎቹን በአንድ ሳምንት ቀይሩ፤ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ ለወራት አይቆይ። አሮጌው የተጫነበትን አንድ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ነቅላችሁ የሚቀጥለው የበጀት ዓመት እስኪዘጋ አቆዩት። የድሮ ፎንቶቹና አሥር ዓመት ያልተከፈተው ፋይል የሚፈለጉት ኦዲተር ሲመጣ ነው።