በደሴ ብርድ ላገር ቢራን በቤት መጥመቅ

የደሴ ሰው ስለ ቢራ ጠመቃ ሲነሳ ሐሳቡ ሐረጎን ወርዶ ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሄዳል። ላገር፣ ማለትም በብርድ የሚብላላው የቢራ ዓይነት፣ የሚፈልገው አየር ግን ያለው እዚሁ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ላገር የሚለው ስም ከጀርመንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ማኖር፣ ማከማቸት ነው፤ የባቫርያ ጠማቂዎች ቢራቸውን በቀዝቃዛ ዋሻና በምድር ቤት ለወራት ያቆዩት ስለ ነበር ስሙ ከዚያ ወጣ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የደሴ ሌሊቶች፣ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው እንኳ ፀሐይ የማያገኘውን የምድር ቤት ክፍል መርጦ ይህን ሥራ ሊሠራ ይችላል።

የቢራ ኪት ማለት በቆርቆሮ የታሸገ፣ ሆፕ (ለቢራ እንደ ጌሾ ምሬት የሚሰጠው ተክል) አስቀድሞ የገባበት፣ እንደ ማር የወፈረ የብቅል ሽሮፕ ሲሆን ከክዳኑ ሥር አንድ ከረጢት ደረቅ እርሾ ይቀመጣል። የተለመደው ቆርቆሮ 1.7 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከ1 ኪሎ ግራም ስኳር ጋር 23 ሊትር ያህል ቢራ ይወጣዋል። ስኳሩን በከፊል በደረቅ የብቅል ዱቄት የሚተካ ሰው ወፈር ያለ ጣዕም ያገኛል፤ ስኳር ብቻ የገባበት ቢራ ቀጠን ይላል። ጠላ ለሚጠምቅ ቤት ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ብቅል ማብቀሉና ማፍላቱ በሌላ ሰው እጅ ተጠናቆ የመጣ ነው፣ የቀረው የእርሾው ሥራ ብቻ ነው።

በዚህ እርሾ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቆርቆሮው ላይ ላገር ተብሎ ቢጻፍም በውስጡ የሚገኘው እርሾ ብዙ ጊዜ የላገር ሳይሆን በሞቃት ቦታ የሚሠራው፣ ኤል የሚባለው ሌላ የቢራ ዓይነት እርሾ ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የሙቀት መጠን ያንብቡ፦ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚል ከሆነ የደሴ ብርድ ያስተኛዋል፤ ከ9 እስከ 15 ባለው መጠን የሚሠራ ከሆነ እውነተኛ የላገር እርሾ ነው። ቆርቆሮውን የሚያመጣልዎት ዘመድ ካለ፣ እንደ ሳፍላገር ያለ ደረቅ የላገር እርሾ ሁለት ከረጢት እንዲጨምር ይንገሩት፤ በቅዝቃዜ ለሚጀመር 23 ሊትር አንዱ ከረጢት ያንሳል። ኮምቦልቻ ላለ ጠማቂ ምክሬ የተለየ ነው፤ ከተማዋ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች፣ ከኪቱ ጋር የመጣውን እርሾ ቢጠቀም ወይም በርሜሉን ደሴ ላለ ወዳጅ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

ቀጥሎ የዕቃ ንጽሕና ነው። ጋን በግራዋ አጥቦ በወይራ ማጠን ለጠላ መልካም ነው፤ ለላገር ግን አይሆንም። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ በልማድ የፕላስቲክ በርሜሉን በወይራ አጥኜው ነበር። ጭሱ ከፕላስቲኩ ሳይለቅ ቀርቶ ቢራው ውስጥ ገባ፤ አክስቴ ቀመሰችውና «ይሄማ ቅራሪ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ላገር ሽታን የሚሸፍን ቅመም ስለሌለው ጉድለቱ ሁሉ ይታያል። ስለዚህ 30 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ለምግብ የተሠራ ባለ ክዳን በርሜል፣ ማማሰያውንና የመቅጃ ጎማውን በሳሙና አጥበው፣ በ4 ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሽታ የሌለው በረኪና በተጨመረበት ውኃ ለ20 ደቂቃ ይንከሩ፤ ከዚያም ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁ። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል።

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካለበት ቢራው የመድኃኒት ጣዕም ይይዛል። ውኃውን በዋዜማው አፍልተው በንጹሕ ጀሪካን ያሳድሩት። (ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ ግን በቂ ነው።) በማግስቱ ቆርቆሮውን ለሩብ ሰዓት በሙቅ ውኃ ውስጥ አቁመው ሽሮፑ ሲላላ፣ ከስኳሩ ጋር በ3 ሊትር ሙቅ ውኃ በደንብ ያሟሙት፤ ከዚያ ያደረውን ቀዝቃዛ ውኃ እየጨመሩ 23 ሊትር ይሙሉ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ያንሳል፣ እርሾው ለመባዛት ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከላይ ወደ ታች እያንቆረቆሩ፣ አረፋ እስኪያወጣ አምርረው ይምቱት። አየር የሚፈቀደው በዚህች ሰዓት ብቻ ነው፤ እርሾው ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚገባ አየር ቢራውን የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ያሰጠዋል።

እርሾውን ከመነስነስዎ በፊት ቴርሞሜትር ያስገቡ። ለላገር እርሾ ከ15 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ድረስ በርሜሉን ከድነው በቀዝቃዛ ውኃ በተሞላ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ያቁሙት። ሃይድሮሜትር፣ ማለትም በፈሳሹ ውስጥ ያለውን ስኳር በእፍጋቱ የሚለካ መሣሪያ፣ ካለዎት የመጀመሪያውን ንባብ ይመዝግቡ፤ በዚህ መጠን የተቀላቀለ ኪት 1.040 አካባቢ ያነብባል። ከዚያ እርሾውን ነስንሰው በርሜሉን ይክደኑት።

ሳፋውን በኋላም አያንሱት። የደሴ ችግር ብርዱ ሳይሆን በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ እርሾ ሲሞቅ ሲበርድ መዋልን አይወድም፤ በርሜሉን የከበበው ውኃ ግን በዝግታ ስለሚሞቅና ስለሚበርድ ልዩነቱን ያለዝበዋል። ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ከቆየ በሁለት ቀን ውስጥ በክዳኑ ላይ ካለው የአየር ማስወጫ ጉልጉልታ ይሰማል። በዚህ ወቅት የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ቢመጣ አይደፉት፤ የላገር እርሾ ጠባይ ነው፣ ከጊዜ ጋር ይጠፋል። የኤል እርሾ በሳምንት የሚጨርሰውን ይህኛው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊወስድበት ይችላል።

ንባቡ ወደ 1.015 ሲወርድ በርሜሉን ከሳፋው አውጥተው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ በሚሆን ክፍል፣ ለምሳሌ ከማድ ቤት አጠገብ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ያኑሩት። እርሾው በመጀመሪያ የሚያወጣው፣ የቅቤ ጣዕም ያለው ዳይአሲቲል የሚባል ነገር አለ፤ ሞቅ ሲለው ራሱ መልሶ ይበላዋል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ንጥር ቅቤ ጠብ ያለበት የሚመስል ቢራ ይጠጣል።

ለጠርሙስ መቸኮል አደጋ ነው። ንባቡ ከ1.008 እስከ 1.012 ባለው መካከል ሆኖ በተከታታይ ሁለት ቀን ካልተለወጠ ብቻ ያሽጉ፤ ስኳሩ ሳያልቅ የታሸገ ቢራ ጠርሙስ ያፈነዳል፣ ስብርባሪውም ዓይን ያጠፋል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ንባብ ልዩነት በ131 ሲባዛ የአልኮሉን መጠን በመቶኛ ይሰጣል፤ ከ1.042 ወደ 1.010 የወረደ ቢራ 4.2 በመቶ ያህል አለው። ባዶ የቢራ ጠርሙሶች ከቆርኪና ከመክደኛ መሣሪያ ጋር ካሉዎት በ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 2 ግራም፣ ማለትም ለጥ ያለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምረው፣ በጎማ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብለው ይሙሉ፤ ለአንድ ጣት ተኩል ያህል ባዶ ቦታ ይተዉ። ለጀማሪ የምመርጠው ግን ወፍራሙን የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ሲጫኑት ድንጋይ ከሆነ ጋዙ መሙላቱን ራሱ ይናገራል። ስኳሩን የሚለኩት እንደ ጠርሙሱ መጠን ነው፦ ለአንድ ሊትር 6 ግራም ይበቃል።

የታሸገው ቢራ ጋዝ እንዲሠራ በመጀመሪያ ሙቀት ይፈልጋል፤ 18 ዲግሪ ካገኘ በሁለት ሳምንት፣ በቀዝቃዛ ክፍል ደግሞ በሦስትና በአራት ሳምንት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ነው ስሙን የሚያገኘው፦ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ፣ ፍሪጅ ከሌለ በቤቱ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው ጥግ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር ይተኛል። በኅዳር የጠመቀ ሰው ለጥምቀት እደርሳለሁ ብሎ እንግዳ ባይጠራ ይሻለዋል፤ ለየካቲት ግን ይደርስለታል። ሲቀዳ ጠርሙሱ ሳይናወጥ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ብርጭቆውን አዘንብሎ ነው፤ ከታች የቀረው ስስ አተላ ጠርሙሱ ውስጥ ይቅር።