ውሃ ውስጥ ገብታ እንቢ ያለች መኪና፣ ቁልፍ ከመስጠታችሁ በፊት

ፎር ዊል መኪናችሁ ወንዝ ስትሻገር ወይ ጎርፍ ውስጥ ገብታ ጠፍታባችሁ እንቢ ካለች መጀመሪያ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፣ ቁልፉን አትንኩት። አውቃለሁ እጅ አያርፍም፣ ደሞ አጠገባችሁ ያለው ሰው ሁሉ "እስቲ አንዴ ሞክራት" ነው የሚለው። እኔም እንደዛ ተብዬ ሞከርኳት፣ ሶስቱ ሲሊንደር (ፒስተኑ የሚመላለስበት፣ ነዳጅ የሚቃጠልበት ክፍል) ተነሳ፣ አራተኛው ውስጥ ግን ውሃ ነበረ፣ አንድ ጊዜ ጓ አለችና ቀጥ! ሞተሩ ሲፈታ ቢየላው፣ ፒስተኑን ከክራንክ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ ተጣሟል። ቁልፍ ባልሰጥ ኖሮ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ፈትቼ ውሃውን አስወጥቼ እሄድ ነበር፣ እስካሁን ያንገበግበኛል፣ ይሄን የምጽፈውም ለዛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አየር ይጨመቃል ውሃ ግን አይጨመቅም። ለምሳሌ ባለ 4 ሲሊንደር 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር ውሰዱ፣ አንዱ ሲሊንደር 750 ሲሲ ነው፣ ኮምፕሬሽኑ 18 ለ 1 ከሆነ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ 44 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፣ ሶስት የሾርባ ማንኪያ በሉት። ከዛ ያለፈ ውሃ ካለ ፒስተኑ መድረሻ ስለሌለው ወይ ሞተሩ ይቆማል ወይ የሆነ ነገር ይጣመማል። ቤንዚን ላይ ቦታው ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ ያው ነው። ገፍቶ ወይ ጎትቶ ማስነሳትማ ጭራሽ እንዳታስቡት፣ ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲሰጥ ሞተሩን የሚያዞረው) አቅም ሲያጣ ይቆማል፣ ጎማ ግን የመኪናዋን ክብደት ሁሉ ይዞ ነው ሞተሩን በግድ የሚያዞረው።

እና ኒውትራል አድርጋችሁ ወደ ደረቅ ቦታ አውጧት፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ ኮፈኑን ክፈቱ። ከዛ እስቲ አስታውሱ፣ እንዴት ነው የጠፋችው? እየተንተባተበች፣ እየሳለች ቀስ ብላ ከሆነ ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ጣጣ ነው፣ እየሄደች ድንገት አንድ ነገር እንደያዛት ቀጥ ካለች ግን ሲሊንደር ውስጥ ውሃ አለ ብላችሁ ተነሱ። ማረጋገጫው የአየር ፊልትሮው ነው። ቤቱን ክፈቱና ፊልትሮውን ዳስሱት፣ ከፊልትሮው አልፎ ወደ ሞተር የሚሄደውን ቱቦም ፈትታችሁ ውስጡን በእጃችሁ አብሱት። ሁለቱም ደረቅ ከሆነ እፎይ በሉ፣ ወደ ኤሌክትሪኩ መሄድ ትችላላችሁ። ቱቦው ውስጥ ውሃ ወይ ጭቃ ካገኛችሁ ግን ካንዴላ ሳትፈቱ ምንም ነገር እንዳታዞሩ።

ቤንዚን ከሆነች ካንዴላዎቹን በሙሉ ፍቱ፣ ከመፍታታችሁ በፊት ግን ዙሪያቸውን ያለውን ጭቃ በአየር ንፉት አለበለዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። ናፍጣ ከሆነች ካንዴሌታዎቹን (ሲሊንደሩን ለማስነሳት የሚያሞቁትን) ወይ ኢንጀክተሮቹን (ነዳጁን የሚረጩትን) ነው የምትፈቱት፣ ካንዴሌታ ዝጎ ከያዘ በግድ ካዞራችሁት ይሰበርና ሌላ ስራ ስለሚሆን ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍታችሁ ታገሱት። ኮመን ሬል (በጣም ከፍተኛ ግፊት ያለው የናፍጣ መስመር) ያላት መኪና ላይ የነዳጅ ቱቦው ከ1000 ባር በላይ ግፊት ይይዛል፣ ልምድ ከሌላችሁ ኢንጀክተሩን አትንኩት፣ መካኒክ ይፍታው።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ላይ ያለውን ትልቁን ቡሎን ይዛችሁ ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ካንዴላ ሳይኖር ሞተር መክበድ የለበትም፣ አንድ ቦታ ላይ ጠጠር ብሎ እምቢ ካለ ውስጥ የተጣመመ ነገር አለና እዛው ተዉት፣ ሞተሩ መከፈት አለበት። በደንብ ከዞረ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ንቀሉ፣ ኮይሎቹን (ለካንዴላው እሳት የሚሰጡትን) አላቁ፣ ባትሪውን መልሱና አምስት አምስት ሰከንድ ብቻ፣ በመሃል እያሳረፋችሁ፣ በሞተሪኖ አዙሩት። ውሃው በቀዳዳው ሽው ብሎ ስለሚወጣ ፊታችሁን ከላይ እንዳታደርጉ፣ ሰውም አርቁ። መውጣቱን ሲያቆም እያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና ትንሽ ደግማችሁ አዙሩ። እዚህ ላይ ጊዜ አታባክኑ፣ እርጥብ ሲሊንደር አየር ሲያገኝ ቶሎ ይዝጋልና ነገ እመለስበታለሁ ብላችሁ እንዳትተዉት።

ዘይቱን ደሞ እዩ። ሊቬሎው (የዘይቱ መጠን) ከበፊቱ ከፍ ካለ ወይ መልኩ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ቋት) ስር ይተኛል፣ የታችኛውን ቡሎን ስትፈቱ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው። አፍስሱት፣ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ርካሽ ዘይት ሞልታችሁ፣ የፈታችሁትን ሁሉ መልሳችሁ ገጥማችሁ ሞተሩ ሲነሳ አስር ደቂቃ ያህል ነዳጅ ሳትረግጡ ካስሮጣችሁት በኋላ እሱንም አፍስሱና ጥሩውን ሙሉ። ነጣ ብሎ ከወጣ አንድ ዙር ድገሙ፣ ዘይት ከሞተር አይወደድም።

ፊልትሮው ደረቅ ሆኖ የማትነሳ ከሆነ ግን ስራው ትዕግስት ነው። ፊውዝ ሳጥኑን ክፈቱ፣ ሪሌዎቹን (በኤሌክትሪክ የሚሰሩ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች) እየነቀላችሁ አራግፉ፣ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ አላቃችሁ በአየር ንፉና ኮንታክት ክሊነር ርጩባቸው። አሮጌ ሞዴል ከሆነች የዲስትሪቢውተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ክዳን ከውስጥ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ብዙ መኪና በዚህ ብቻ ይነሳል። ኮምፒውተሩ አንዳንዱ ላይ ወንበር ስር ወይ ምንጣፍ ስር ስለሆነ ውሃው ወደ ውስጥ ከገባ ምንጣፉን ገልብጣችሁ እዩ። ቢጫ ሶኬቶቹን አትንኩ፣ የኤርባግ ናቸው። ቁልፍ ስትሰጡ ጠቅ ብቻ ካለች ሞተሪኖው ውስጥ ጭቃ ሊኖር ይችላል፣ ፈትቶ ማጠብ ነው። ሞተሪኖው እያዞረ ካልተነሳች ደሞ ነዳጁን ጠርጥሩ፣ የናፍጣ ፊልትሮው ስር ያለችውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ በብርጭቆ ተቀበሉት፣ ውሃው ከስር ለብቻው ሲተኛ በአይናችሁ ታዩታላችሁ።

ተነሳች ብላችሁ ደሞ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት) ሲሮጥ ውሎ ከጋለ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ መተንፈሻዋ ቱቦ ከተደፈነች በዘይት መያዣው ጎማ በኩል ውሃ ይስባል። ስለዚህ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሉን፣ ካምቢዮውንና (የማርሽ ሳጥኑንና) የፎር ዊል ማርሹን ዘይት ትንሽ ትንሽ አፍስሳችሁ መልኩን እዩ፣ መተንፈሻዎቹንም ጥረጉ። የገባችበት የባህር ውሃ ከሆነ ደሞ ሶኬቱንም ፍሬኑንም ሻሲውንም በንጹህ ውሃ በደንብ ካጠባችሁ በኋላ ነው ማድረቅ የምትጀምሩት፣ ጨው ደርቆ ከቀረ ሽቦውን ቀስ እያለ ይበላዋል።