ባሕር ዳር ላይ ሰዓት አይታይም፦ ምግብ መቼ እንደሚበስል ማወቂያ

ባሕር ዳር ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። በ94 አካባቢ ነው የሚፈላው። ከተማችን ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የሚጫነን አየር ይሳሳል፣ ውሃም ሳይግል ቶሎ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል ብላችሁ ያዙት። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ነው፣ አዲስ አበባ 92 አካባቢ። ዳሎል ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ስለሆነች ከ100 ትንሽ ያልፋል፤ እዚያ ወርዶ ንፍሮ የሚቀቅል ካለ ይቅናው።

እንግዲህ ዩቲዩብ ላይ በሌላ አገር የተለካ ደቂቃ ሰምታችሁ ድስት ብትጥዱ ላይሠራላችሁ ይችላል። 6 ዲግሪ ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። ለሩዝ ብዙም አታመጣም። ጅማት ላለው ሥጋና ለጥራጥሬ ግን ታመጣለች፣ ምክንያቱም እነሱን የሚያለሰልሰው ለውጥ ሙቀቱ ትንሽ ዝቅ ሲል በጣም ነው የሚንቀራፈፈው። ለቅቅል ሥጋ ከተባለው ጊዜ ላይ ሩብ ያህል ጨምሩ። 10 ደቂቃ የተባለ እንቁላል 12 ይሁን። ባቄላና ሽምብራ ከዋዜማው ይዘፍዘፉ፣ ይሄ የግድ ነው። ቲማቲም የሚገባበት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጥራጥሬው ይብሰል፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ልጡ አልለሰልስም ብሎ ያስቸግራችኋል።

አሁን ስለ እሳቱ። ድስቱ ከፈላ በኋላ ከሰል መጨመር ብር ማቃጠል ነው። ውሃው 94 ላይ ደርሷል፣ ከዚያ አያልፍም፤ ቀስ ብሎ ቢንተከተክም ዘሎ ቢገነፍልም ሙቀቱ ያው ነው። የጨመራችሁት እሳት በሙሉ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። አንድ ሊትር ውሃ ሙልጭ ብሎ እስኪተን የሚበላው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከበረዶ ቅዝቃዜ አንስቶ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ከ5 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ፣ ክዳኑን ግጥም አድርጉ። በቃ።

ጊዜ የሚያሳጥረው እሳት ሳይሆን ቢላዋ ነው። ሙቀት ወደ ምግቡ ውስጥ የሚገባው ከላይ ወደ መሃል እየተሻገረ ነው፣ ጉዞውም ቀርፋፋ ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ አይሆንም፣ ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል! ለአልጫ ድንች ስትከትፉ አንዱን ባለ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላውን ባለ 4 ካደረጋችሁት ትንሹ ፈርሶ መረቅ ሲሆን ትልቁ መሃሉ ገና ጥሬ ነው። እኩል መክተፍ ለውበት ብቻ አይደለም።

ይሄን በደንብ የምታዩት ዓሣ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር ያሉ ዓሣ ቤቶች ቆሮሶን ሙሉውን ሲጠብሱ በሁለቱም ጎኑ፣ በጣት ስፋት ልዩነት፣ አጥንቱ ድረስ ይተለትሉታል። ያ ለማሳመር ይመስላል፣ ግን ዘይቱ በየስንጥቁ ገብቶ ወፍራሙን ጀርባ ወደ ብዙ ስስ ቁራጮች ይለውጠዋል፤ ለዚህ ነው ጅራቱ ሳያርር ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ሥጋ የሚደርሰው። ቆሮሶ ራሱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከሁለት ወገን ሙቀት ያገኛል። አምባዛ ግን ድቡልቡልና ወፍራም ነው። ሙሉውን ዘይት ውስጥ አትክተቱት፤ እንደ አውራ ጣት ውፍረት ቆራርጡት።

ከማስገባታችሁ በፊት ዓሣውን በጨርቅ አድርቁ። እርጥብ ከሆነ ዘይቱ መጀመሪያ ውሃውን ሲያተን ነው የሚውለው፣ ይረጫችኋልም። ዘይቱ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያ የሌለው የደረቀ የእንጨት ማማሰያ ጫፍ ይንከርበት፤ ዙሪያውን አረፋ ካነሳ ደርሷል፣ ከጨሰ አልፏል። ሁለት ዓሣ የሚይዝ መጥበሻ ላይ አራት አታጭቁ፣ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ዓሣው ከመጠበስ ይልቅ ዘይት ይጠጣል። ደግሞም ጆሯችሁን ስጡት። ያ ጫጫታ ከዓሣው የሚወጣው ውሃ ነው። ውሃ እስካለ ድረስ ውስጡ ከ94 አያልፍም፣ ደርቆ የሚጋለው ቆዳው ብቻ ነው። ድምፁ ሲቀንስና አረፋው ሲደክም አውጡት። ለማረጋገጥ ወፍራሙን ቦታ በሹካ ፈልቀቅ አድርጉ፤ እንደ መስተዋት ያሳልፍ የነበረው ሥጋ ነጥቶ ከአጥንቱ ከተላቀቀ በስሏል። በመለኪያ 63 ዲግሪ ማለት ነው። ዶሮ ከሆነ 74 ይድረስ፣ በዚህ ድርድር የለም።

ሽንኩርት ያለ ዘይት ስታቁላሉም ሕጉ ያው ነው። ሽንኩርት አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃው ሳያልቅ ቀለም አይዝም። መጀመሪያ ላይ እሳት ብትጨምሩ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ይተናል። ሲደርቅ ግን ሙቀቱ ባንዴ ሽቅብ ይወጣል፣ ያኔ ካላማሰላችሁ ያርራል። ቁሌት ጥዶ ስልክ ማውራት የማይሆነው ለዚህ ነው።

እንጀራ ላይ ደግሞ ሥራው የሁለት ነው። ሥሩን ምጣዱ ያበስለዋል። ላዩን የሚያበስለው ግን አክንባሎው ያፈነው እንፋሎት ነው፤ እንፋሎቱ ሊጡ ላይ ተመልሶ ውሃ ሲሆን ይዞት የነበረውን ሙቀት እዚያው ይለቅለታል። ዓይን ካወጣ በኋላ ክደኑት፣ ጠርዙ ሲነሳ አውጡት። ሸክላ ሙቀት ይይዛል እንጂ ቶሎ አያቀብልም፣ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ ትንሽ ፋታ ስጡት።

94 ዲግሪ አንሶኛል ለሚል ፕሬዠር ኩከር አለ። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር፣ ባሕር ዳር ላይም ቢሆን ውሃው ወደ 117 ዲግሪ ይደርሳል። ጥራጥሬ ስለሚያረፋ ከግማሽ በላይ አትሙሉት። ደቂቃ መቁጠር የምትጀምሩት ከጣዳችሁበት ሳይሆን ግፊቱ ሞልቶ ፉጨቱ ከተሰማ በኋላ ነው፣ ከዚያም እሳቱ ይቀነስ። ካወረዳችሁት በኋላ እንፋሎቱ በራሱ እስኪበርድ ከጠበቃችሁ ውስጡ መብሰሉን አያቆምም፣ ስለዚህ ለድንች ወዲያው አስተንፍሱት፣ ለሽምብራ ተዉት።