ለእናት ለአባታችሁ የጨርቅ ዳይፐር፦ ከሩቅ ሆነው ለሚያስተዳድሩ የሰሜን ሸዋ ልጆች

«ለእማዬ የአዋቂ ዳይፐር ከዚህ ገዝቼ ልላክ ወይስ ብር ልላክላቸውና እዚያው ይግዙ?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂው አሜሪካ፣ ጀርመን ወይም ቤሩት ነው። እናቱ ወይም አባቱ ደግሞ ደብረ ብርሃን፣ መንዝ፣ አንኮበር ወይም ሸዋ ሮቢት ናቸው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። የሚቀይርላቸው ማን ነው? የሚያጥበውስ? ብሩን የሚቀበለውስ? ሦስቱም አንድ ሰው ከሆነ፣ ስለ ዳይፐሩ ከማውራታችን በፊት ስለዚያ ሰው እናውራ።

እኔ ለእናቴ የመረጥኩት ታጥቦ የሚመለሰውን የጨርቅ ዳይፐር ነው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ግን ከዚህ በታች ከጨርቁ ይልቅ ስለ ሰው የሚያወራው ይበዛል። ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ጋ ነው።

መጀመሪያ ሐኪም። ሽንት መቆጣጠር አለመቻልን «እርጅና ነው» ብሎ መተው በኛ ዘንድ የተለመደ ነው። በድንገት የጀመረ ከሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። በአባቶች ላይ ፕሮስቴት፣ ብዙ በወለዱ እናቶች ላይ ደግሞ የማህፀን መውጣት አለ። እነዚህ ሕክምና አላቸው። እናቶቻችን ግን አፍረው ለዓመታት ይደብቁታል። ሽታው እንዳይሰማባቸው ብለው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይተዋሉ፣ ሰርግና ለቅሶ ይቀራሉ፣ ውሃ መጠጣት ይቀንሳሉ። ውሃ መቀነስ ደግሞ ሽንቱን ያወፍረዋል፣ ኢንፌክሽኑንም ያብሳል። ስለዚህ ዳይፐር ከመላካችሁ በፊት ሐኪም እንዲያያቸው አድርጉ።

አሁን ወደ ምርጫው። ተጠቅመው የሚጥሉት ዳይፐር ክፉ ነገር አይደለም። ውስጡ ያለው ዱቄት ሽንቱን መጥጦ ወደ ጄል ስለሚለውጠው ቆዳው ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ለሌሊት፣ ለመንገድና ለሆስፒታል እኔም እሱን ነው የምመርጠው። ለዕለት ተዕለት ግን አገር ቤት ላይ ችግሩ ይበዛል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የመንገዱን ነገርም ታውቃላችሁ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ የተዘጋ ቀን ግን ካርቶኑ አዲስ አበባ ይቀመጣል፣ እናታችሁም በእርጥብ ይቀመጣሉ።

ሌላው ማንም የማያነሳው የቆሻሻው ጉዳይ ነው። ከከተማ ወጣ ስትሉ ቆሻሻ የሚወስድ መኪና የለም። ያገለገለው ዳይፐር ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ይጣላል፤ አይበሰብስምና ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል። ገደል ከተጣለ ውሻ ይጎትተዋል። የራስ ዳይፐር በሰፈር መንገድ ላይ ተጎትቶ ማየት ለአንድ የተከበረ አባት ምን ያህል ውርደት እንደሆነ አስቡት።

ለእኔ ከሁሉ የከበደው ምክንያት ግን ሌላ ነው። አዲስ የታሸገ ዳይፐር ይሸጣል። ያገለገለ የጨርቅ ዳይፐርን ማንም አይገዛም።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ከአልጋ አልተነሳችም። ብሩንም፣ በሰው የምልከውን ካርቶንም የሚቀበለው አንድ የቅርብ የሥጋ ዘመዳችን ነበር። ስልክ የሚያነሳውም እሱ ነው። በደወልኩ ቁጥር «ደህና ናት፣ አታስቢ፣ እኛ አለን አይደል?» ይለኛል። ከእናቴ ጋር ሲያገናኘኝም አጠገቧ ቆሞ ነው። እሷም «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ሌላ ምን ትበል? ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከጎኗ ከቆመው ሰው ጋር የምትኖረው እሷ ናት።

እውነቱን የነገረችኝ ጎረቤት ናት። ለልጇ ጉዳይ አዲስ አበባ ስትመጣ ከእህቴ ስልክ ተውሳ ደወለችልኝ። ቀኑን ሙሉ በአንድ ዳይፐር ነው የምትውለው አለችኝ። ጠዋት የተደረገው ማታ ይወልቃል። ብዙ ካልራሰ ደግሞ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ተመልሶ ይደረግላታል። ካርቶኖቹ በፍሬ እየተቆጠሩ ለሱቅ ይሸጡ ነበር። የእናቴ ወገብ ሥር ቆዳው ተገልጦ ቆስሏል። እኔ ወር በወር እልካለሁ፣ እናቴ ትቆስላለች፣ በመሃል አንድ ሰው ይነግዳል።

ስጠይቀው ምን እንዳደረገ ስሙኝ። ሽማግሌ ሰበሰበ። «ውጭ ተቀምጣ እኛን ሌባ አደረገችን» አለ። ግማሹ ዘመድ እኔን ወቀሰኝ። የአልጋ ቁስሉን ያየ ሰው ግን አልነበረም፤ ገልጦ ለማየት የሞከረም የለም። ለእሱ ስም ሲባል የእናቴ ገላ ተረሳ።

ከዚያ ወደ ጨርቅ ዞርን። ጨርቁን የምታጥብ ሴት ተገኘች፤ ጎበዝ፣ ንጹሕ፣ እናቴን «እማማ» እያለች የምታቅፍ። ደመወዟ ግን አሁንም በዚያው ዘመድ እጅ እንዲያልፍ ቤተሰቡ አጥብቆ ያዘ፤ «ለቤቱ ክብር» ተብሎ። ብሩ አልደረሳትም። «እህት ውጭ ተቸግራለች፣ ትንሽ ታገሺ» ይላት ነበር። በእኔ ስም! ለወራት ሽንትና ሰገራ በባዶ እጇ አጠበች፣ በምግብ ብቻ። ለፋሲካ ቤተሰቧ ጋ ሄደች፣ አልተመለሰችም። እሱም ደውሎ «ሰው ጠፋ፣ የዘንድሮ ሰው ምስጋና ቢስ ነው» አለኝ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከሁሉም ይበልጥ የእናቴን ንጽሕና በእጇ የያዘች ሴት እኔን ከፋይ ሳይሆን በዳይ አድርጋ መሄዷ።

ስለዚህ የምላችሁን በደንብ ያዙልኝ። ብሩን በሚልከው እጅና ዳይፐሩን በሚያጥበው እጅ መሃል ማንም አይግባ። ለምታጥበው ሰው በራሷ ስም ቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ አስከፍቱላት፤ በቀጥታ ላኩላት። በሰፈሩ ለቤት ሠራተኛ ከሚከፈለው በላይ ክፈሉ፤ ሥራው የሚጠይቀው ነውና። ስልኳን ያዙ፣ በስሟ ጥሩ፣ ስለ ልጆቿ ጠይቁ። «ቤት ውስጥ ያለች ምራት በነጻ ታጥባለች» የሚላችሁን አትስሙ። ምራቲቱ ከሆነች የምታጥበው ለእሷው በእጇ ክፈሉ፤ ለባሏ አይደለም። በብዙ ቤት ስልኩን የሚይዘው ወንዱ ነው፣ ሳፋው ላይ የምትጎነበሰው ሴቷ ናት፣ ምስጋናው የሚደርሰው ስልክ ለያዘው ነው።

ዘመድ ይቀየም ይሆናል። «እኛን አላመንሽም» ይላችኋል። እንዲህ በሉ፦ «አንተን ለትልቁ ጉዳይ እፈልግሃለሁ፤ ይህ የሳሙና ጉዳይ ነው፣ አላስቸግርህም።» ከዚያ እውነትም ሌላ ሥራ ስጡት። ሆስፒታል ማድረስ፣ ጣሪያ ማሳደስ፣ እህል መሸመት። ክብር ያለው ሥራ ካገኘ ብዙው ሰው ይበርዳል። የማይበርደው ደግሞ ለምን እንዳልበረደ ታውቁታላችሁ።

የሚያይ ዓይንም ያስፈልጋል። ለእኔ የተሻለው ዓይን ለቡና የምትመጣ ጎረቤት ናት። ቀጠሮ የላትም፣ ሳትጠራ ትገባለች፣ ስትገባ ሽታውን ታውቃለች። የንስሐ አባትም ጥሩ ናቸው፤ ቤት ይገባሉ፣ ሰው ያፍራቸዋል። የደመወዙ ስምምነት በእሳቸው ፊት ቢሆን እመርጣለሁ። ግን ገላ ገልጠው አያዩምና ለቁስሉ ነገር አይበቁም። ለዚያ በወር አንዴ የምትመጣ ነርስ ክፈሉ። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ወገብ ሥር ትይ። ከአልጋ የማይነሳ ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎን መለወጥ እንዳለበትም ለቤቱ ሰው ታስረዳ።

«እማዬ እንዴት ናት?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ አንድ ነው፤ ውጭ ላለ ሰው ክፉ መንገር አገራችን አያውቅም። «ዛሬ ስንት ታጠበ? ስንቱ ደረቀ? ሳሙና ስንት ቀረ?» በሉ። ፎቶ ከፈለጋችሁ የእናታችሁን ሳይሆን የልብስ መስጫውን ገመድ ፎቶ ጠይቁ። አረጋዊ ሰውን በዳይፐር ፎቶ አንሥቶ በዋትስአፕና በቴሌግራም መላክ ነውር ነው፣ እባካችሁ አታድርጉት። ገመዱ ላይ የተሰጣው ጨርቅ ሁሉንም ይናገራል። አንድ ሁለት ብቻ ከተሰጣ እየተቀየረላት አይደለም።

ማን እንደሚቀይርም አስቡበት። ለአባት በሴት ልጁ ፊት መራቆት ሞቱ ነው። እናትም ለወንድ ልጇ እንዲሁ። አባታችሁ «አይ፣ ደርቋል፣ ተዉኝ» እያለ ከዋለ ምናልባት ዳይፐሩ ሳይሆን የሚቀይረው ሰው ነው ያሳፈረው። ለአባት ወንድ ፈልጉ።

ጨርቁን በተመለከተ። ሁሉንም ከውጭ መላክ አያስፈልግም። ሽንት የሚመጥጠው ጥጥ አገር ቤት ሞልቷል። አሮጌ ጋቢና ነጠላ ከምንም ይሻላል፤ ብዙ ታጥቦ ለስልሷል፣ ይመጥጣል። ከጎደለ ፎጣና አቡጀዲ ተገዝቶ ልብስ ሰፊ ደራርቦ ይስፋው። አዲስ ጥጥ ግን ጥቂት ጊዜ ሳይታጠብ አይመጥጥም፤ ቀድሞ ይታጠብ። ከውጭ የምትልኩት ውኃ የማያሳልፈውን ሽፋን ነው፤ ከውስጥ ፕላስቲክ የተለበጠ፣ ጠቅ የሚል ቁልፍ ያለው። የሚጣበቀው ዓይነት ሲታጠብ ክር እየያዘ ቶሎ ይደክማል። ወገብና ዳሌ በሜትር ለክተው ይላኩላችሁ፤ በግምት አትግዙ፣ ታሞ የተኛ ሰው ከምታስታውሱት ቀጥኗል። ስድስት ሽፋን ሻንጣ ጥግ ላይ ይገባል፤ ሰውም አያማርርም።

ብዛቱ በአየሩ ነው። በቀን 6 ጊዜ ይቀየራል ብላችሁ አስቡ። ሸዋ ሮቢት ጠዋት የተሰጣ ከሰዓት ይደርቃል፣ 12 ይበቃል። ደብረ ብርሃንና መንዝ ግን ከፍታ ነው፣ ብርድ ነው። አንድ ቀን ላይ ያለው፣ አንድ ቀን የሚታጠበው፣ ሁለት ቀን የሚደርቀው ሲደመር 24 ነው። ሐምሌና ነሐሴ እሱም አይበቃም። ጨርቁ ኩበት ጭስ ላይ ይደርቅና ጭስ ጭስ ይሸታል፣ እርጥበቱም ውስጡ ይቀራል። ስለዚህ ለክረምት የሚጣለውን ዳይፐር ቀድማችሁ፣ ግንቦት ላይ አስገዙ። ግን ጥቂት ጥቂት፣ ካርቶን ሙሉ አይሁን፤ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

አጠባው ቀላል ነው፣ ግን ሥርዓት አለው። ሰገራው ሽንት ቤት ይራገፋል። በቀዝቃዛ ውኃ ይለቀለቃል፤ ሙቁ ከቀደመ እድፉ ይይዛል። ከዚያ በሙቅ ውኃና ሳሙና ይታሻል። አረፋው እስኪጠፋ ይለቀለቃል፤ የቀረ ሳሙና ቆዳ ያቃጥላል። ልብስ የሚያለሰልስ ፈሳሽ አይነካው፣ መምጠጡን ይገድለዋል። በረኪና በሽንት በራሰ ጨርቅ ላይ በፍጹም አይፈስስ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ በጠባብ ቤት ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ሽፋኑ በፈላ ውኃ አይቀቀል፣ እሳት አጠገብ አይሰጣ፣ ይላጣል። የጥጡ ግን ፀሐይ ላይ ይዋል። የበጋ ፀሐይ እድፉንም ሽታውንም ያነሳል።

በተቀየረ ቁጥር ገላው ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ይድረቅና ቫዝሊን ስስ ተደርጎ ይቀባ። ቆዳው ከቀላ ያን ቀን ቶሎ ቶሎ ይቀየር። ቁስል ከተከፈተ ወይም ተቅማጥ ከያዛቸው እስኪሻላቸው ድረስ የሚጣለውን ተጠቀሙ። ውኃ ከጠፋም እንደዚያው። ብዙ ቤት ውኃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው፤ ጀሪካኖች ሁልጊዜ ይሙሉ፣ ውኃ የሚያመጣው ሰውም ይከፈለው።



ሻንጣ የሚይዝላችሁ ሰው ስታገኙ ከሽፋኖቹ ጋር ለምታጥበው ሴት ወፍራም የጎማ ጓንትና የእጅ ቅባት ጨምሩ። የመንዝ ብርድ ላይ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚገባ እጅ ይሰነጠቃል። ስሟን ጻፉበት፣ በእጇ እንዲሰጣት ንገሩት፣ ደውላችሁም መድረሱን ከእሷው ከራሷ ስሙ።