በቀላል ረጅም ሌንስ የዱር አእዋፍን ፎቶግራፍ ማንሳት

በሱሉልታ ሜዳ ወይም በገፈርሳ የውኃ ማጠራቀሚያ ዳርቻ ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ ፎቶግራፍ ለማንሳት የአንድ መኪና ዋጋ የሚያወጣ ሌንስ አያስፈልግም። ይህ ዝይ ከኢትዮጵያ በቀር ሌላ አገር የለውም፤ ውድ ሌንስ ያለው ሰው ብቻ ሊያነሳው አይገባም። ያገለገለ፣ ጥቂት መስታወቶች ብቻ ያሉት፣ በእጅ የሚስተካከል 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። ነገር ግን ምስሉን ማጥራቱም ሌንሱን ማረጋጋቱም የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

በመጀመሪያ ሌንሱን ከካሜራው ያገናኙ። ብዙዎቹ ቀላል ሌንሶች ለካሜራዎ ዓይነት የተሠራ ማገናኛ ቀለበት ይፈልጋሉ። ካሜራው እንዲህ ያለውን ሌንስ ስለማያውቀው፣ ያለ ሌንስ ማንሳትን የሚፈቅደውን ምርጫ ይክፈቱና ወደ ማኑዋል፣ ማለትም ሁሉን በእጅ ወደሚያስተካክሉበት፣ ይቀይሩ።

ቀጥሎ መደገፊያ ያዘጋጁ። ከሌንሱ ጥራት ይልቅ ፎቶውን የሚያበላሸው የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ጥሩ ነው፤ በመኪና ለሚሄድ ሰው ግን ሽምብራ የተሞላ ከረጢት ይበልጥበታል። ከረጢቱን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ያድርጉ፣ ሌንሱን ያስተኙበት፣ ሞተሩን ያጥፉ። አእዋፍ ከቆመ መኪና ይልቅ በእግሩ የሚመጣውን ሰው ስለሚፈሩ መኪናው መደበቂያም ይሆናል።

ከዚያ የብርሃኑን መጠን ይወስኑ። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 8 ያጥብቡት፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የነገሮች ጠርዝ ይደበዝዛል፣ የቀለም ጥላም ያወጣል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 800 አድርገው፣ የሹተሩን (የካሜራውን የብርሃን መዝጊያ) ፍጥነት ከአንድ ሰከንድ 500ኛ አያሳንሱ። ሌንሱን በእጅ የሚይዙ ከሆነ 1000ኛ ይሻላል። ፀሐይዋ እንደወጣች ይጀምሩ፤ ከረፋዱ በኋላ ከሜዳው የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ያን ደግሞ የትኛውም ሌንስ አያስተካክለውም።

አሁን ይቅረቡ። ዳሳሹ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስተኛ በሆነ ካሜራ፣ በ20 ሜትር ርቀት ሌንሱ የሚያየው ስፋት 1.2 ሜትር ገደማ ስለሆነ ዝይው ፎቶውን በደንብ ይሞላል። በ60 ሜትር ግን በጣም ያንሳል። በእግር ከሆነ በቀጥታ አይሂዱበት፤ እንደሚያልፍ ሰው በሰያፍ ይራመዱ፣ አንገቱን ቀና ባደረገ ጊዜ ይቁሙ፣ መጋጥ ሲጀምር ይቀጥሉ። የግጦሹ መሬት ባለቤት አለውና እረኛውን ሰላም ብለው ያስፈቅዱ። በገፈርሳም ወደ ግድቡ ከመጠጋትዎ በፊት ጥበቃዎቹን ይጠይቁ፤ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ነው።

በ20 ሜትር ላይ ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በካሜራው ማያ ላይ ምስሉን አጉልተው ዓይኑን ያጥሩ፤ ወፉ የሚራመድ ከሆነ ግን ወደፊት የሚደርስበትን ሣር አስቀድመው አጥርተው ይጠብቁት። የሌንሱን ማጥሪያ ቀለበት ሳይነኩ፣ ልክ ሲደርስ ተከታታይ ፎቶዎችን ያንሱ።

ከቦታው ሳይለቁ ምስሉን አጉልተው ይመልከቱ። ሣሩም ወፉም በአንድ አቅጣጫ የተጎተቱ መስለው ከታዩ ካሜራውን ያነቃነቀው እጅዎ ነው፤ የሹተሩን ፍጥነት ይጨምሩ። ከፊት ያለው ሣር ጠርቶ ወፉ ከደበዘዘ ቀለበቱን በጥቂቱ ወደ ሩቅ ያዙሩ፣ ከኋላው ያለው ከጠራ ደግሞ ወደ ቅርብ።