የሞተር መጋዝ አልነሳ ሲል

መጋዙ እምቢ ካለ ገመዱን እስኪበጠስ አትጎትቱ። መጀመሪያ ካንዴላውን ፍቱና እዩት። ቤንዚን ከነከረው ሞተሩ ከልክ በላይ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ሞተሩን በማጥፊያው አጥፉ፣ ቾኩን (የአየር መዝጊያውን) ወደ ክፍት መልሱ፣ ካንዴላው ወጥቶ እንዳለ ገመዱን ስድስት ሰባት ጊዜ ሳቡ፣ ከዚያ አድርቃችሁ ግጠሙት። እሳቱ የሚዘልበት የካንዴላው ጫፍ ክፍተት በአብዛኛው 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ግን ነዳጅ አልደረሰውም፤ ታንኩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማጣሪያ ተደፍና ይሆናል። ከወር በላይ የቆየ የቤንዚንና የዘይት ድብልቅም አትመኑ። ብዙዎቹ አዳዲስ መጋዞች 50 ለ1 ነው የሚፈልጉት፣ ማለትም ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት።

አሁን ደግሞ የኔን ጉድ ስሙ። ወጣት ሳለሁ አንድ ሰፊ የገጠር ርስት ላይ ተቀጥሬ ነበር። መጋዙ ይጮሃል፣ ይጨሳል፣ ግንዱን ግን ንክች አያደርገውም። ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩ። አትክልተኛው ሽማግሌ መጥተው ሰንሰለቱን አዩና «ልጄ፣ እየቆረጥከው ነው ወይስ እያሸኸው?» አሉኝ። ለካ ሰንሰለቱን ገልብጬ ነው የገጠምኩት! ግቢውን እስክለቅ ድረስ ስሜ «የዛፍ ወጌሻ» ሆኖ ቀረ።

እና ሰንሰለት ስትገጥሙ፣ ከላይ በኩል ያሉት ጥርሶች ስለታቸው ሰንሰለቱ ወደሚዞርበት ረጅም ብረት ጫፍ ይዙር። ሞተሩ ጠፍቶ በጓንት ስትስቡት ይንሸራተት፣ ከታች ግን አይንጠልጠል።