ቸርኬ ስትቀይሩ የጎማውን ቁመት አስሉ

ለስፖርት መኪናችሁ ከፋብሪካው የተለየ ቸርኬ ልትገጥሙ ከሆነ፣ ቸርኬው ባደገ ቁጥር የጎማው ጎን ማጠር አለበት። መኪናው 225/45/17 (225 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች) ይዞ ከመጣና ቸርኬውን 18 ካደረጋችሁት፣ ጎማው 225/40/18 ይሁን። የመጀመሪያው ጠቅላላ ቁመት 634 ሚሊሜትር ገደማ፣ የሁለተኛው 637 ነው፤ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዛባም። በስህተት 225/45/18 ብትገዙ ግን ወደ 660 ይደርሳል፤ መሪ ሲጠመዘዝ ከፓራፋንጎው ጋር ሊፋተግ ይችላል።

ወደ 19 መውጣት ያምራል፣ አልክድም። ነገር ግን ከሰበታ ወይም ከለገጣፎ ወደ ከተማ የምትመላለሱ ከሆነ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ የሚጀምርበትን ቦታ ታውቁታላችሁ። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ በክረምት ውሃ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ምቱ ለቸርኬው ይተርፋል፤ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። እኔ ብሆን በ17 እቆያለሁ።

ሻጩ «አዲስ ነው» ቢላችሁም ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ። 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቆ ሊሆን ይችላል። የሚሸከመው ክብደትም ከቀድሞው አይነስ፤ ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈው የክብደት ቁጥር 91 ከሆነ፣ ለአንድ ጎማ 615 ኪሎ ግራም ማለት ነው።